ካንስል ለሚሉ ወላጆች ዲስካውንት መስጠት፦ ከሥራው ጋር አብሮ የሚሄድ ማስታወሻ

ኤፕሪል መጨረሻ፣ 2025

ለማታውቁን፣ ውጭ ለሚያድጉ የአበሻ ልጆች አማርኛ በኦንላይን እናስተምራለን፣ ፊደል፣ ንባብ፣ ከአያት ጋር በስልክ ማውራት የሚያስችል ወሬ። ቪዲዮዎቹ ሁሌ ክፍት ናቸው፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ አስተማሪዎቻችን በዙም በቡድን ያስተምራሉ። ክፍያው በልጅ በወር 18 ዶላር ነው፣ ካርድ አንዴ ይገባል ከዛ በየወሩ በራሱ ይቆረጣል። አብዛኞቹ ቤተሰቦች ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው፣ ካሊፎርኒያም አሉ፣ ጀርመንም ዱባይም የተወሰኑ አሉን። ሦስት ሰው ነን፣ እኔ ቴክኒኩን እይዛለሁ፣ እህቴ ከወላጆች ጋር ታወራለች፣ አንድ ጓደኛችን ሂሳቡን ያያል።

ይሄ ማስታወሻ ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ ወላጅ ካንስል ሊያደርግ ሲመጣ ምን እናሳየው የሚለው። እስካሁን ምንም አናሳይም፣ ቁልፉን ይጫናል፣ የከፈለበት ወር እስኪያልቅ ልጁ ይማራል፣ በቃ። ሂሳቡን የሚያየው ጓደኛችን ግን "ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ዋጋ ብንለው ስንቱ ይቀር ነበር?" እያለ ነው፣ ጥያቄው ደግሞ ልክ ነው ምክንያቱም ክረምት እየመጣ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰው ይወጣል፣ አንዴ የወጣ ልጅ ደግሞ ለመመለስ በጣም ነው የሚከብደው፣ ፊደሉን ረስቶት ነው የሚመጣው። ስለዚህ በደንብ እንሞክረዋለን፣ የምናየውንም እዚህ እጽፋለሁ፣ ተመሳሳይ ሥራ የምትሠሩ ሰዎች ከዜሮ እንዳትጀምሩ።

ሜይ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ክፍያችን ስትራይፕ ላይ ነው፣ በኦንላይን ካርድ የሚያስከፍል ድርጅት ነው። ስትራይፕ ራሱ ያዘጋጀው የደንበኛ ገጽ አለ፣ ፖርታል ይሉታል፣ እዛ ላይ ካንስል ለሚል ሰው ኩፖን እንዲቀርብለት ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ኮድም አይጠይቅም። ኩፖኑ ሦስት ዓይነት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፣ ለአንድ ክፍያ ብቻ፣ ለተወሰኑ ወራት፣ ወይ ደግሞ ለሁልጊዜ። የሁልጊዜውን አልነካሁትም፣ እሱ ዲስካውንት ሳይሆን ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ አዲስ ዋጋ ነው። እኛ ሦስት ወር በ50 ፐርሰንት ብለን ጀመርን።

ሂሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው። ስትራይፕ አሜሪካ ውስጥ በካርድ ክፍያ ላይ 2.9 ፐርሰንት ሲደመር 30 ሳንቲም ይወስዳል፣ ከ18 ዶላር ላይ 82 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። 9 ዶላር ስናደርገው ግን 56 ሳንቲም ነው የሚሆነው፣ ግማሽ አይደለም፣ ምክንያቱም 30 ሳንቲሟ ዋጋው ወረደ ብላ አትወርድም። ለእኛ ይሄ ችግር አይደለም፣ በወር 4 ዶላር ለሚያስከፍል ሰው ግን ነው፣ ወደ 2 ዶላር ሲያወርደው 36 ሳንቲሙ ኮሚሽን ይሆንበታል፣ ከገቢው 18 ፐርሰንት ሄደ ማለት ነው። ዋጋችሁ ትንሽ ከሆነ ፐርሰንቱን ከመምረጣችሁ በፊት ይሄን አስሉት።

ዋናው ሂሳብ ግን እሱ አይደለም፣ ዲስካውንቱ ማን እጅ ገባ የሚለው ነው። በእውነት ሊወጣ የነበረ ወላጅ ከወሰደው በሦስት ወር 27 ዶላር አገኘን፣ ባይወስድ ዜሮ ነበር። ሊቀር የነበረ ወላጅ ከወሰደው ደግሞ 54 ከፍሎ የሚቆየው 27 ብቻ ከፈለ፣ 27 ዶላር አጣን። ማለትም አንድ የዳነ ሰው አንድ ሊቀር የነበረን ሰው ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ የዳኑት ከሦስት ወር በኋላ በሙሉ ዋጋ ካልቀጠሉ በስተቀር። ሪፖርት ላይ ግን ሁለቱም ወላጆች "ዳኑ" ተብለው ነው የሚጻፉት! ብዙ ሰው "ይሄን ያህል ፐርሰንት አዳንን" ሲል የሚቆጥረው ኩፖኑን የወሰደውን ሁሉ ነው፣ ያ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው። ካንስል ሊል ከገባው ወላጅ ግማሹ ኩፖኑን ያያል፣ ግማሹ እንደ ድሮው ምንም አያይም። ፖርታሉን ስንከፍትለት ኩፖኑን አብሮ መላክም አለመላክም ስለሚቻል ቴክኒኩ ቀላል ነው። የማንኛው ቡድን አባል እንደሆነ ስትራይፕ ላይ ባለው የደንበኛው መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ነገ ተመልሶ ቢመጣ ሌላ ነገር እንዳያይ። የምንለካው ደግሞ ካንስል ገጹ ላይ የሆነውን ሳይሆን አራተኛው ወር ላይ 18 ዶላር የከፈለው ማነው የሚለውን ነው።

ሜይ አጋማሽ

ምክንያቶቹን እያየሁ ነው። ስትራይፕ ካንስል ላይ የሚያስመርጠው ዝርዝር አለ፣ ዋጋው በዛብኝ፣ አልተጠቀምኩበትም፣ ወደ ሌላ ሄድኩ፣ የምፈልገው ነገር የለውም፣ ጥራቱ አልጣመኝም፣ አገልግሎቱ፣ አወሳሰበኝ፣ እና ሌላ። የእኛ ወላጆች በብዛት የሚመርጡት "አልተጠቀምኩበትም" ወይ "ሌላ" ነው። "ዋጋው በዛብኝ" የሚል ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ጓደኛችን ይሄን አይቶ "እንግዲህ ችግሩ ዋጋ አይደለም፣ ዲስካውንቱን እንተወው" አለ። እህቴ ግን አልተስማማችም፣ እሷ ናት የምታወራቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት "ሌላ" ብላ ወጣች፣ እህቴ ልጁ ጎበዝ ስለነበረ ደህንነታቸውን ልጠይቅ ብላ ደወለች። መጀመሪያ "አይቀየሙኝ እህቴ፣ ልጆቹ ኳስ ጀምረው ጊዜ አጥተን ነው" አለች። ትንሽ ሲጫወቱ፣ ሲሳሳቁ፣ ስለ አገር ቤት ሲያወሩ ቆይተው ነው የወጣው፣ ሦስት ልጅ ነው ያላት፣ በወር 54 ዶላር፣ የቤት ኪራይ ጨምሮባታል፣ ባልየው የሥራ ሰዓት ተቀንሶበታል። "እናንተ ለልጆቻችን ብላችሁ የምትደክሙትን ሰዎች ውድ ነው ብዬ እንዴት እጽፋለሁ" አለቻት።

ይሄ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ይሉኝታ ያለው ሰው ፎርም ላይም ይሉኝታውን ይዞ ነው የሚገባው። ፈረንጅ የሠራውን የምክንያት ዝርዝር እንዳለ ለእኛ ሰው ብትሰጡት የምታገኙት ዳታ ጨዋነት ነው፣ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የራሳችንን የካንስል ገጽ ልንሠራ ነው፣ ጥያቄው በአማርኛ፣ መልሶቹም አንድ እናት ሳትሸማቀቅ የምትመርጣቸው እንዲሆኑ። "ዋጋው በዛብኝ" ወጣና "የቤት ወጪ ተደራረበብን" ገባ። "አልተጠቀምኩበትም" ወጣና "ልጃችን አሁን ጊዜ የለውም" እና "ልጃችን መቀመጥ እምቢ አለ" ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፣ እነዚህ ሁለቱ ጭራሽ አንድ አይደሉም። "ደረጃው ከበደው ወይ ቀለለው" ተጨመረ። መልስ መምረጡ ግዴታ አይደለም፣ ዘሎ ካንስል ማለት ይችላል።

ሜይ መጨረሻ

አዲሱ ገጽ ወጣ። ለውጡ ወዲያው ነው የታየው፣ የቤት ወጪ የሚለውን የሚመርጠው ሰው ከሁሉም በዛ። ያው ወላጆች ናቸው፣ የተለወጠው የጠየቅንበት መንገድ ነው።

አሁን እንደ ምክንያቱ የተለያየ ነገር ነው የምናሳየው። ወጪ ላለው ዲስካውንት (ያው በዕጣ ለግማሹ)፣ ጊዜ የለውም ላለው ፓውዝ፣ ማለትም ሳይወጣ ለጊዜው ማቆም፣ ደረጃው አልሆነለትም ላለው በአንድ ቁልፍ ቡድን መቀየሪያ፣ ልጁ እምቢ ላለው ደግሞ ከአስተማሪው ጋር የ15 ደቂቃ ወሬ፣ በነጻ። እምቢ ላለ ልጅ እናት ግማሽ ዋጋ ማቅረብ ምን ይፈይዳል? ልጁ ዶላሩን አያውቀውም። ይሄን የምጽፈው ብዙ ቦታ ሳይ ለሁሉም ምክንያት አንድ ዓይነት ኩፖን ስለሚለጠፍ ነው።

ፓውዙ ላይ ትንሽ ላቁም ምክንያቱም ብዙ ሥራ አለው። ስትራይፕ ላይ ክፍያ መሰብሰቡን ማቆም ይቻላል፣ ሰብስክሪፕሽኑ ሳይዘጋ፣ በቆመበት ጊዜ የሚወጡት ኢንቮይሶች (የክፍያ ጥያቄዎች) በራሳቸው እንዲሰረዙ ይደረጋል፣ የሚመለስበት ቀንም አብሮ ይቀመጥለታል። እኛ ከ1 እስከ 3 ወር አልን። ዋናው ነገር ግን ከመመለሱ ሳምንት በፊት ኢሜይልና ቴክስት መላክ ነው፣ "በዚህ ቀን 18 ዶላር ይቆረጣል፣ ካልፈለጉ እዚህ ጋ ይጫኑ" ብሎ በግልጽ። ይሄ ካልተላከ ሰው ረስቶት ካርዱ ላይ ብር ተቆርጦ ሲያይ ባንኩ ጋ ነው የሚደውለው፣ ባንኩ ብሩን ይመልስለታል፣ ስትራይፕ ደግሞ ለእያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ክርክር 15 ዶላር ከእኛ ይወስዳል። ብሩ ይቅር፣ ያቺ እናት ሁለተኛ አታምነንም፣ ለጎረቤቷም ትነግራለች፣ ልክም ናት።

ጁን

ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እንደተጠበቀው ካንስሉ መጣ፣ አሁን ግን ከሚወጣው ብዙው ፓውዝ እየመረጠ ነው። የተወሰኑት ለክረምት አገር ቤት እየሄዱ ነው፣ አንዱ አባት "አያቱ ጋ ሁለት ወር ሊቀመጥ ነው፣ ከእናንተ በላይ ታስተምረዋለች" አለን፣ እውነቱን ነው።

አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪዎች ጋ ስጋት ነበር፣ የሚከፈሉት በቡድን ስለሆነ ቡድን ሲሳሳ ይጨነቃሉ። ለክረምቱ ቡድኖቹን አጣጥፈን ሰዓታቸው እንዳይቀነስ አደረግን። ዲስካውንት ስናወራ ይሄ ነገር ይረሳል፣ ከወላጅ ላይ የምንቀንሰው 9 ዶላር ከአስተማሪ ላይ መምጣት የለበትም፣ ከእኛ ድርሻ ነው መምጣት ያለበት። ይሄን ሦስታችንም ተስማምተን ጽፈን አስቀመጥነው።

ጁን መጨረሻ

ካሊፎርኒያ ያሉ ወላጆች ስላሉን የካሊፎርኒያን የአውቶ ሪኒዋል ሕግ (በራሱ ስለሚታደስ ክፍያ የሚናገረውን) ስናነብ ነበር፣ ማሻሻያው ጁላይ 1 ነው የሚጀምረው። ስለ ዲስካውንት በቀጥታ ይናገራል፣ ሊወጣ ላለ ሰው ቅናሽ ማቅረብ አይከለክልም፣ ግን ቅናሹ በሚታይበት ጊዜ ካንስል የሚያደርገው ቁልፍም እዛው አጠገቡ ጎልቶ መታየት አለበት። በስልክ ከሆነም ቅናሹን ከማውራታችሁ በፊት ሰውዬው በማንኛውም ሰዓት ካንስል ብሎ መጨረስ እንደሚችል መንገር አለባችሁ። ጀርመን ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በኦንላይን ቀጣይ ክፍያ ያለው ውል ለሸማቾች የሚሸጥ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ሁሌ የሚገኝ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያደርግ ያስገድዳል፣ ከዛ ማረጋገጫ ገጽ፣ ከዛ ወዲያው በጽሑፍ ማረጋገጫ መላክ።

ለካሊፎርኒያ አንድ ለጀርመን አንድ ለሜሪላንድ ሌላ ገጽ ከመሥራት ከሁሉም ጠበቅ ያለውን ወስደን ለሁሉም አደረግነው። አንድ ገጽ፣ ከላይ ምክንያቱ፣ ከሥሩ የሚስማማው አማራጭ፣ እና እኩል መጠን እኩል ቀለም ያላቸው ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን፣ "ይሄን እቀበላለሁ" እና "አሁን አቋርጥ"። ግራጫ አድርገን አልደበቅነውም፣ "አይ፣ ልጄ አማርኛ ባይችልም ግድ የለኝም" የሚል ሰውን የሚያሸማቅቅ ጽሑፍም የለም፣ እንደዛ የሚጽፉ ሲስተሞች አሉ፣ ለእኛ ወላጆች እንደዛ ብሎ መጻፍ ነውር ነው።

ጁላይ 8 (ሐምሌ 1)

ዛሬ የወጣ ዜና። ኤፍቲሲ (ሸማቾችን የሚጠብቀው የአሜሪካ ፌደራል መሥሪያ ቤት) ባለፈው ኦክቶበር ያጸደቀው፣ መመዝገብ የቀለለውን ያህል መውጣትም ይቅለል የሚለው አገር አቀፍ ደንብ፣ ሊጀምር ስድስት ቀን ሲቀረው የስምንተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። የሻረው ደንቡ መጥፎ ነው ብሎ አይደለም፣ ኤፍቲሲ ኢኮኖሚ ላይ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጫና ላለው ደንብ መጀመሪያ ሊያወጣ የሚገባውን ትንተና አላወጣም በሚል የአሠራር ምክንያት ነው።

ጓደኛችን ወዲያው ደወለ፣ "እንግዲያው ገጹን ትንሽ ማስረዘም እንችላለን" የሚል ነገር ነው። አልተስማማሁም። አንደኛ የካሊፎርኒያው አለ፣ ሁለተኛ ከ2010 ጀምሮ ያለው ሮስካ የሚባለው የፌደራል ሕግ በኦንላይን በራሱ የሚታደስ ክፍያን ለማስቆም ቀላል መንገድ አዘጋጁ ይላል፣ እሱ አልተሻረም። ሕጉን እንተወውና ደግሞ፣ ገጹን ያሳጠርነው ኤፍቲሲን ፈርተን አይደለም። አንዲት እናት ማታ ልጆች አስተኝታ ስልኳን ይዛ የምታደርገው ነገር ነው፣ በአንድ ደቂቃ እንዲያልቅላት ነው የምንፈልገው። ገጹ እንዳለ ይቆያል።

ጁላይ አጋማሽ

የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር የመጣው ከዳሽቦርዱ አይደለም፣ ከቴሌግራም ነው። አንድ የወላጆች ግሩፕ ላይ አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፣ "ካንስል በሉት፣ የቤት ወጪ የሚለውን ምረጡ፣ ግማሽ ዋጋ ይሰጧችኋል፣ ለሁሉም ላይመጣ ይችላል ግን ሞክሩት።" በሁለት ቀን ውስጥ ካንስል ገጹ ላይ የገባው ሰው ከዛ በፊት በወር ከሚገባው በለጠ። ማንንም አልወቅስም፣ በልጆቹ ወጪ ላይ ማትረፍ የወላጅ ሥራ ነው፣ ደግሞ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ ለጎረቤቱ የማይነግር አበሻ የለም። መርካቶ እኮ ደንበኛው ጀርባውን ሲሰጥ ነው ነጋዴው "ና በቃ ውሰደው" የሚለው፣ እኛም ያንኑ ነው የሠራነው፣ ልዩነቱ መርካቶ ላይ ሁሉም ሰው ጨዋታውን ያውቀዋል፣ እዚህ ግን የሚያውቀው የሰማ ሰው ብቻ ነው።

በዛው ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ አብራን ያለች እናት ለእህቴ ደወለች። ድምጿ የተቆጣ አልነበረም፣ ያዘነ ነበር። "እኔ አንድም ቀን ሳላጉረመርም ሁለት ዓመት ስከፍል ኖሬ፣ ልውጣ ያለው ሰው በግማሽ ያስተምራል፣ ትንሽ አስተያየት አድርጉልን ማለት አፍሬ እኮ ነው" አለች። እህቴ ስትነግረኝ ሥራዬን አቁሜ ነው የሰማኋት።

ማታ ሦስታችን በስልክ ተነጋገርን። የምልው ነገር አንድ ነው፣ ቆመው ለሚከፍሉት ወላጆች ጮክ ብለን ልንነግራቸው የማንችለውን ዲስካውንት መስጠት የለብንም። ለመውጣት ብቻ የሚሰጥ ቅናሽ ከሆነ የሚከፍልበት ማነው? ዝም ያለው፣ ይሉኝታ የያዘው፣ ቋንቋው ወይ ቴክኖሎጂው ከበድ የሚለው ሰው ነው። እኛ ጋ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ናት። የእሷ 18 ዶላር የሌላውን 9 ዶላር እየደጎመ ነው ማለት ነው። ጓደኛችን "ሁሉም ኩባንያ እንደዚህ ነው የሚሠራው" አለ፣ ይሠራል፣ የኬብልና የኢንተርኔት ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ ለስንት ዓመት የኖሩት በዚህ ነው፣ ሰዉም ለዛ ነው በየዓመቱ ደውሎ ልወጣ ነው የሚለው። እኛ ግን ከወላጆቹ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ሱቅ ነው የምንገናኘው።

የ50 ፐርሰንቱን ኩፖን ዘጋን። የወሰዱት ሁሉ ሦስት ወራቸውን ይጨርሳሉ፣ ቴሌግራም ላይ አይተው የገቡትም ጭምር።

ኦገስት መጀመሪያ

የቤት ወጪ ተደራረበብን ያሉትን አንድ በአንድ አየናቸው። አብዛኞቹ ሁለትና ከዛ በላይ ልጅ ያስመዘገቡ ናቸው። አንድ ልጅ ያለው ሰው በዋጋ ምክንያት ሲወጣ ብዙም አናይም። ማለትም ችግሩ 18 ዶላሩ ሳይሆን 36ቱና 54ቱ ነው። ይሄን ያገኘነው ካንስል ገጹ ላይ ነው ግን መልሱ መቀመጥ ያለበት ዋጋ ገጹ ላይ ነው።

አዲሱ ዋጋ፦ የመጀመሪያ ልጅ 18፣ ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ 9። ሦስት ልጅ ያላት እናት ከ54 ወደ 36 ወረደች። ስትራይፕ ላይ በደረጃ የሚሄድ ዋጋ መሥራት ይቻላል፣ የመጀመሪያው አሃድ በዚህ ዋጋ የቀሩት በዚያ ብላችሁ፣ ኩፖን አያስፈልግም። ለነባር ቤተሰቦች ማንም ሳይጠይቅ በራሱ ተቀየረላቸው፣ "ከሚቀጥለው ክፍያ ጀምሮ የሚከፍሉት ቀንሷል፣ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም" የሚል አጭር ኢሜይል ላክን። ያቺ የደወለችው እናት ሁለት ልጅ ነው ያላት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ" ብላ የድምጽ መልእክት ላከች።

ሁለተኛው ነገር አቅም ለጊዜው ላጠረው ሰው የ5 ዶላር ቦታ ነው፣ ለ6 ወር። ሥራ ማጣት፣ ሕመም፣ አዲስ መምጣት፣ ምክንያቱን አንጠይቅም፣ ወረቀት አምጡ አንልም፣ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ዋጋ ገጹ ላይ ለሁሉም ሰው በግልጽ ተጽፏል፣ ካንስል ገጹ ላይም ያው ነው የሚታየው። ጓደኛችን ሁሉም ሰው 5 ዶላሩን ይወስዳል ብሎ ፈርቶ ነበር፣ እስካሁን የወሰዱት ጥቂት ናቸው፣ አንድ አባት እንዲያውም ሥራ ሲያገኝ ስድስት ወሩ ሳይሞላ ራሱ ወደ 18 መልሱኝ አለ።

ኦገስት አጋማሽ

አጭር ነገር። ስልክ ለሚያነሳው ሰው ባስቀረው ሰው ቁጥር ጉርሻ ይሰጠው የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፣ አልተቀበልነውም። ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ2005 ከኒውዮርክ አቃቤ ሕግ ጋር 1.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የተስማማው በዚህ ዓይነት ነገር ነው፣ ሠራተኞቹ ቦነስ የሚያገኙት ሊወጣ የደወለውን ሰው ሲያስቀሩ ስለነበረ ሰዉ ልውጣ ሲል አይሰሙትም ነበር። እህቴ ወላጆችን የምታወራው ስለምትወዳቸው ነው፣ በሰው ይሄን ያህል ዶላር ስንላት ያ ወሬ ሌላ ነገር ይሆናል።

ኦገስት መጨረሻ

ሜይ ላይ ኩፖኑን የወሰዱት ሦስት ወራቸው አለቀ። ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ድምዳሜ አልሰጥበትም፣ ያየሁት ግን ይሄን ነው፣ አብዛኞቹ ወይ ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ወጥተዋል ወይ ደግሞ መጀመሪያውንም የመውጣት ሐሳብ አልነበራቸውም። ኩፖኑን ካላየው ቡድን ጋር ሳወዳድረው አራተኛው ወር ላይ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ያን ያህል አይለያይም። እዛ ዲስካውንቱን ያላየው ቡድን ባይኖር ኖሮ "ግማሾቹን አዳንን" ብለን ኩራት ይሰማን ነበር።

የተለየ ነገር ያየሁት አንድ ላይ ነው። የወጪ ችግራቸው ጊዜያዊ የነበረ፣ ማለትም ሥራ እየቀየሩ የነበሩ ወይ የወለዱ፣ እነሱ ጋ ሦስት ወሩ በእውነት ድልድይ ሆኗቸዋል፣ ቀጥለዋል። ለነሱ ነው የ5 ዶላሩ ቦታ የተሠራው።

ሴፕቴምበር

እንቁጣጣሽ አለፈ፣ ትምህርት ቤትም ተከፈተ፣ ፓውዝ ያደረጉት እየተመለሱ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል፣ በብዛት ነው የተመለሱት፣ አስታዋሹን ኢሜይል አይተው "አይ አንመለስም" ያሉም አሉ፣ እነሱም አንድ ጊዜ ተጭነው ጨረሱ። ባንክ ጋ የሄደ አንድም ሰው የለም። ዱባይ ያለ አንድ ቤተሰብ "ልጁ ራሱ ቀኑን እየቆጠረ ነበር" ብሎ ጻፈልን።

አይፎን ላይ በአፑ የተመዘገቡት ግን ሌላ ዓለም ናቸው። እነሱ የሚያቋርጡት በአፕል ሴቲንግ ውስጥ ነው፣ የእኛን ገጽ አያዩትም፣ ለእኛ የሚደርሰን አውቶ ሪኒዋል ተዘጋ የሚል የሰርቨር መልእክት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አፕል ከ2019 ጀምሮ ላሉትም ለወጡትም ሰብስክራይበሮች የቅናሽ ኦፈር መስጠት አስችሏል፣ በ2024 ደግሞ የወጡትን ለመመለስ የሚሆን ሌላ ዓይነት ጨምሯል። ለጊዜው አንጠቀምበትም። ያደረግነው መልእክቱ ሲደርሰን አንድ ኢሜይል መላክ ነው፣ "መቋረጡ ደርሶናል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ልጅዎ ይማራል፣ የሁለተኛ ልጅ ዋጋና የ5 ዶላር ቦታ እንዳለ ይወቁት" ብሎ፣ ከዛ በኋላ ዝም።

ሴፕቴምበር 25 (መስከረም 15)

አማዞን ከኤፍቲሲ ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፣ 1 ቢሊዮኑ ቅጣት፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ። ክሱ በ2023 የተከፈተ ነው፣ ሰዉን ሳይፈልግ ፕራይም (የአማዞን የሚከፈልበት አባልነት) ውስጥ አስገብታችኋል፣ መውጫውንም አስቸጋሪ አድርጋችኋል የሚል። ክሱ ውስጥ የመውጫው መንገድ አራት ገጽ፣ ስድስት ክሊክ፣ አሥራ አምስት አማራጭ እንደነበረው ተጽፏል። ጁላይ ላይ ደንቡ ከተሻረ በኋላ እንኳን ይሄ ክስ የቆመው በዛው በ2010ሩ ሮስካ ላይ ነው። ለጓደኛችን ሊንኩን ላኩለት፣ የእኛ ገጽ አንድ ነው፣ ክሊኩ ሁለት።

ኦክቶበር

አሁን ያለው አሠራር ይሄ ነው። ካንስል ገጹ ላይ ምንም የተደበቀ ዋጋ የለም፣ እዛ የሚታየው ሁሉ ዋጋ ገጹ ላይም አለ። ፓውዝ ከ1 እስከ 3 ወር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። የ5 ዶላሩ ቦታ ለ6 ወር፣ አንድ ጊዜ የሚታደስ። ደረጃ መቀየር ከካንስል ገጹ ብቻ ሳይሆን ከዋናው ገጽም ይቻላል፣ ይሄን የጨመርነው ወላጆች ደረጃ ለመቀየር ብለው ካንስል ጋ እየመጡ ስለነበረ ነው። ካርዳቸው ጊዜው አልፎ ወይ ባንክ እምቢ ብሎ የተቋረጡትን ደግሞ ከካንስል ቁጥር አውጥተን ለብቻ ነው የምናያቸው፣ እነሱ መውጣት አልፈለጉም፣ አዲስ ካርድ የሚያስገቡበት ሊንክ ነው የሚያስፈልጋቸው፣ ኩፖን አይደለም።

የቀረን የዓመት የከፈሉት ናቸው። በዓመት አንዴ 180 ዶላር ከፍሎ አራተኛው ወር ላይ ልውጣ የሚል ሰው አሁን ምንም ተመላሽ አያገኝም፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍት ይሆንለታል እንጂ። እህቴ የቀሩት ወራት ብር ይመለስ ትላለች፣ ጓደኛችን ያው የዓመቱ ዋጋ ራሱ ሁለት ወር የሚያስቀር ቅናሽ ስላለው ያለፉትን ወራት በ18 ቆጥረን ቀሪውን እንመልስ ይላል፣ ማለትም አራት ወር 72፣ ተመላሹ 108 ዶላር። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ ግን ሲመዘገቡ በግልጽ ተጽፎ ካልነበረ ለነባሮቹ የእህቴን ነው የምናደርገው፣ ማለትም 120 ዶላር። የመመዝገቢያ ገጹን ጽሑፍ በዚህ ሳምንት እቀይራለሁ፣ የሂሳቡን ኮድም እሞክራለሁ፣ ከዛ ለመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች እንከፍላለን።